ዓይኗ በቀለም የተከፈተ ልጅ

አደራልዶ ካልዳስ በወጣትነቱ ለሰው ሲሸጥ የኖረውን ምስል በስተርጅናው እየዞረ መልሶ የሚገዛ ሰው ሆነ።

ዡአዜሮ ከተማ የሚገኝ አንድ ምስል ቤት ሲቀጠር ገና ጢሙ አላጎነቆለም። ሥራው በአህያ፣ ኋላም በብስክሌት የሴርታኦን ደረቅ አገር እየዞረ የገበሬውን በር ማንኳኳት ነበር። በብብቱ አንድ የተቀለመ ትልቅ ምስል ለናሙና ይይዛል። ገበሬው ለመታወቂያ የተነሣውን ጉርድ ፎቶግራፍ ወይም ጫፉን አይጥ የበላውን የሠርግ ፎቶ ከሣጥን ሥር ፈልጎ ያወጣለታል። አደራልዶም የጎደለውን ይጠይቃል።

«ኮት እናልብሰው? ከረባትስ? ለእሳቸው የወርቅ ሐብል ይደረግ? ጥርሱንስ እንሙላለት?»

ምስል ቤቱ ፎቶውን አጉልቶ በስሱ ያትመዋል፤ ሠዓሊዎቹ ደግሞ በላዩ ላይ በዘይት ቀለም ይሠሩበታል። በባዶ እግሩ የተነሣው ጫማ ያገኛል። ባሏ ከሞተ ዘመን የቆጠረች ሴት ከባሏ ጎን ትቆማለች። ከበስተጀርባ ሁልጊዜ ያው ሰማያዊ ነው። አደራልዶ ከወራት በኋላ የተጠናቀቀውን ይዞ ሲመለስ ሰዉ ከጣሪያው ሥር ወደፊት ዘንበል አድርጎ ይሰቅለዋል፤ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ ከላይ እየታየ ይቀመጣል።

ከሠዓሊዎቹ ስሙን የጻፈ አንድም አልነበረም። አንዱ ፊት ይሠራል፣ ሌላው ልብስ ይሠራል፣ ሦስተኛው ሰማያዊውን ይቀባል። ማን ይፈርም? ፈርሙ ቢባሉስ የገበሬው ሚስት በባሏ ደረት ላይ የሌላ ሰው ስም ተጽፎ ማየት ትወዳለች?

ከዚያ ርካሽ ካሜራ መጣ፤ ቀጥሎ ኮምፒውተር፤ ቀጥሎ ስልክ። የምስል ቤቱ ባለቤት ሲሞት ልጁ ብሩሹን ጥሎ የማተሚያ ማሽን ገዛ፤ ማሽኑም ጥቂት ዓመት ሠርቶ ቤቱ ተዘጋ። አደራልዶ ሚስቱን ቀበረ፤ ሴት ልጁ ፎርታሌዛ አግብታ ቀረች። እሱ አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ሎተሪ ሲያዞር፣ አንድ ቀን ሙሪሎ የሚባል ሰው ከሳኦ ፓውሎ መጥቶ በስሙ ጠራው።

ሙሪሎ ክፉ ሰው አልነበረም። ረጋ ያለ፣ ነጭ ሸሚዝ የሚወድ፣ ለአሮጊቶች ሻንጣ የሚሸከም ሰው ነበር። ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ለሀብታም ሳሎንና ለሆቴል መተላለፊያ የግድግዳ ጌጥ ይሸጣል። ያረጁት የገበሬ ምስሎች በዚያ እንደሚወደዱ ነገረው።

«አንተ በሩንም ታውቃለህ፣ ሰዉንም ታውቃለህ» አለው። «የቱ ዋጋ እንዳለው ደግሞ ከአንተ የተሻለ ማን ይለይልኛል?»

ፊርማ ያለበት ሥዕል ነገሩ ቀላል ነው፤ ስሙ ይነበባል፣ ዋጋው ይጠየቃል። ስም የሌለው ግን ራሱን እንዲናገር ማድረግ ያስፈልጋል። አደራልዶ መጀመሪያ ምስሉን ይገለብጠዋል። ካርቶኑ እንደ ትንባሆ ቅጠል ጠቁሮ እንደሆነ፣ ምስጥ ገብቶበት እንደሆነ፣ ሚስማሩ የዱሮው መሆን አለመሆኑን ያያል። ያሸተዋል፤ ሻጋታ ከዓይን በፊት በአፍንጫ ይገኛል። ከዚያ ያዞርና በአጉሊ መነጽሩ የዓይኑን ነጭ ይመረምራል። የእጅ ሥራ ከሆነ የብሩሹ ፀጉር የሄደበት መንገድ ይታያል። ማሽን ያተመው ከሆነ ፊቱ ሁሉ እንደ ደቃቅ አሸዋ ነጠብጣብ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን «ይኼ የተሰቀለበትን ሚስማር እንኳ አያወጣም» ብሎ ይመልሰዋል።

የከተማ ሰው ለጌጥ የሚፈልገው የቱን እንደሆነ ደግሞ ከሙሪሎ ፊት እያነበበ ተማረ። ደኅና ባልና ሚስት በደኅና ኮት ከፍሬሙ ዋጋ አይዘልም። ዋጋ የሚያወጣው አንድ የተጣመመ ነገር ያለበት ነው፤ አንገቱ ከትከሻው ያልገጠመ ሰው፣ በወጣትነቷ ከሞተች እናቱ ጎን የቆመ ሽማግሌ። ከሁሉ የሚበልጡት ግን የሞቱ ሕፃናት ናቸው። በዚያ አገር ሕፃን ሲሞት ከመቀበሩ በፊት በሣጥኑ እንዳለ ፎቶ ይነሣ ነበር፤ ለብዙዎቹ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ፎቶ ያ ነው። ሠዓሊዎቹ ትራሱን ሰማይ፣ በሣጥኑ ዙሪያ ያለውን አበባ የአትክልት ቦታ ያደርጉታል፤ የተከደነውን ዓይን ይከፍቱታል።

«ዓይን የተከፈተለት ያየህ እንደሆነ» ይል ነበር ሙሪሎ፣ «ከማንም በፊት ለእኔ ንገረኝ።»

አደራልዶ መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ብሎት ሠራ። ሰዉ ምስሉን አውርዶ በቦታው ቴሌቪዥን ሰቅሏል፤ የሚሸጠው በገዛ ፈቃዱ ነው። በአንድ ነገር ብቻ ራሱን ይጠብቃል። ከካምፖስ ሳሌስ ከተማ ወዲያ ወደ ዶና ኪቴሪያ ቤት የሚወስደውን መንገድ ለሙሪሎ አያሳይም። መኪናው ወደዚያ ሲያዘነብል «መንገዱ ፈርሷል» ወይም «እዚያ ሁሉን ሸጠው ጨርሰዋል» ይለዋል።

ዶና ኪቴሪያ አበልጁ ናት። ያን ጊዜ፣ ወጣት ሆኖ ብስክሌቱን እየገፋ ደጇ የደረሰ ዕለት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ትንሽ ፎቶ ሰጥታው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዳልቫ ነበረች፤ የበኩር ልጇ፣ በድርቁ ዓመት በተቅማጥ የሞተች። አደራልዶ እንደ ልማዱ መጠየቅ ነበረበት።

«ዓይኗ ምን ዓይነት ነበር?»

ኪቴሪያ መመለስ አልቻለችም። ባሏ ከደጅ ሆኖ «የማር መልክ» አለ። ምስሉን ይዞ ሲመለስ ኪቴሪያ እርጉዝ ነበረች። ዳልቫ ሮዝ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ በማር መልክ ዓይኗ ታያት ነበር። እናቲቱ ቆማ ብዙ ካየች በኋላ «የሚወለደውን አንተ ክርስትና ታነሣልኛለህ» አለችው። የተወለደው ኖናቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። ባልየው ሞተ። ሌላ ድርቅ መጣ፤ ይኼኛው ዓመት ቢያልፍ ዓመት እየተካ የማይለቅ ሆነ። የኪቴሪያ ዓይን በሞራ ተሸፈነ። ኖናቶም በአራት ፍየልና በአንድ ቁልቋል አጥር እናቱን ለመያዝ ሲታገል ከርሞ፣ አንድ የገበያ ቀን ካምፖስ ሳሌስ አደባባይ ላይ ሙሪሎን አገኘውና በራሱ አፍ ጋበዘው።

«እኛ ቤትም አሮጌ ምስሎች አሉ» አለው። «ያ ሰውዬህ እኮ የክርስትና አባቴ ነው። አልነገረህም?»

ሙሪሎ ፈንጠር ብሎ የቆመውን አደራልዶን ዞር ብሎ አየው። «መንገዱ ፈርሷል ብሎኝ ነበር» አለ፣ እየሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት የሙሪሎ ፒክአፕ መኪና አቧራውን እየጎተተ ደረሰ። ኪቴሪያ በድምፁ ለየችው።

«አበልጄ፣ ሞተሃል ብዬ ነበር። ወይስ ሀብታም ሆነህ ነው የጠፋኸው?»

«ሀብታም ብሆን በመኪናዬ እመጣ ነበር፤ ይኼ የሰው ነው» አላት፤ እጇን ሳመ።

ኖናቶ ባርኔጣውን አውልቆ «ይባርኩኝ» አለ። አደራልዶ ባረከው። የገንቦ ውኃና ራፓዱራ የሚሉት ጥቂት የደረቀ የሸንኮራ ስኳር ቀረበላቸው። ውኃው የመንግሥት ቦቴ ያመጣው ስለሆነ ሙሪሎ ጎንጨት ብሎ አስቀመጠው።

ግድግዳው ላይ ሁለት ምስል ብቻ ነበር። አንዱ የኪቴሪያ ባል ነው። ሌላዋ ዳልቫ ናት። ሙሪሎ ባልየውን ለይስሙላ አየ፤ ዳልቫ ሥር ሲደርስ ግን ቆመ፤ ራፓዱራውን መላስ ተወ። አደራልዶ ይህን ፊት ያውቀዋል።

«ያን ከፈለጋችሁ ውሰዱት» አለች ኪቴሪያ፣ ወደ ባሏ ምስል በአገጯ እያመለከተች። «በሕይወቱም ቤት አይቀመጥም ነበር፤ ዓመሉ ነው።»

ሙሪሎ ሳቀ። «እሺ ዶና ኪቴሪያ። ይህቺኛዋስ?»

«እሷ ልጄ ናት።»

«አዎ፣ ታምራለች። ብትሸጧት ደኅና አድርጌ—»

«እሷ ልጄ ናት አልኩህ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

ኖናቶ ከበሩ መቃን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «እናቴ፣ ሰውዬው የሚለውን እስኪ ስሚው። ፍየሎቹ ቁልቋል እየበሉ ነው። ቁልቋሉም አለቀ።»

«ፍየሎቹን ሽጣቸው።»

«ማን ይገዛቸዋል? አጥንት ማን ይገዛል?»

ሙሪሎ ወደ አደራልዶ ዞረና «እስኪ ውጣና እይልን» አለው። «ዋጋዋን እንወቅ። መሸጡ የእነሱ ፈንታ ነው።»

አደራልዶ በርጩማ ላይ ወጣ። ምስሉን ሳያወርድ ጀርባውን ገለጥ አድርጎ አየ፤ ካርቶኑ የዱሮው ነው። ሻጋታ የለውም። አጉሊ መነጽሩን ወደ ዓይኗ አስጠጋ፤ የብሩሹ መንገድ እንደ ትናንት ሥራ ቁልጭ ብሎ ታየው። ከሙሪሎ ጋር በሠራበት ሁለት ዓመት በእጁ ካለፈው ሁሉ ይህን የሚያህል አልነበረም። ሙሪሎ ይህን ቢሰማ እጁን እንደማያነሣ፣ ኖናቶ እናቱን ቀን ከሌሊት እንደሚጨቀጭቃት፣ እሷም አንድ ቀን ደክሟት እሺ እንደምትል አሰበ። ዘወር ሳይል ተናገረ።

«ይኼ የእጅ ሥራ አይደለም። ማሽን ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለ ሙሪሎ።

«ነጠብጣብ ነው፤ እንደ አሸዋ። የመጀመሪያው ተበላሽቶ የምስል ቤቱ ባለቤት ልጅ በኋላ በኮምፒውተር ያተመው ነው የሚሆነው። የሚስማሩን ዋጋ አያወጣም።»

ቤቱ ጨለም ያለ፣ ምስሉም ከፍ ያለ ነበር። ሙሪሎ ትንሽ አንጋጦ ቆየና «ያሳዝናል» ብሎ ራፓዱራውን ወደ አፉ መለሰ። ኪቴሪያ ምንም አላለችም። ምስሉ ከዚያ ግድግዳ አንድም ቀን ለእድሳት እንዳልወረደ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሲሰነባበቱ ብቻ የአደራልዶን እጅ ከወትሮው አጥብቃ ያዘችው።

አደራልዶ በዚያ ቀን መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎት ነበር። አንድ ጊዜም የዱሮ ዘፈን ሲያንጎራጉር ሙሪሎ ሰማው።

ወሩ ሳያልቅ ሙሪሎ መናኸሪያው በር ድረስ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። ፊቱ ፈክቷል።

«አንተ ሰው» አለው ትከሻውን ነካ እያደረገ፣ «እኔ ለስንት ዓመት ነጋዴ ነኝ ብዬ ስኩራራ፣ ንግድ ማለት ለካ አንተ ነህ።»

«ምን አደረግሁ?»

«አታሾፍ። ያ ክርስትና ልጅህ ምስሏን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ማረፊያዬ ድረስ አመጣልኝ። ‹ማሽን ከሆነም ፍሬሙ ያገለግልሃል፣ የፍሬሙን ስጠኝ› አለኝ። ሰጠሁት። ማታ ጀርባውን ስከፍተው ምን አየሁ መሰለህ?»

አደራልዶ የሎተሪ ወረቀቶቹን ከጎኑ አስቀመጠ።

«የዱሮው የእጅ ሥራ! በርጩማው ላይ ሆነህ ዋጋዋን ገደልክልኝ። እኔ ራሴን እኮ አሳመንከኝ። ቀድመህ ብትነግረኝ ደግሞ ፊቴ ያሳብቅ ነበር፤ ገባኝ። ድርሻህን አምጥቻለሁ።»

«የት ናት?» አለ አደራልዶ።

«ማን?»

«ልጅቱ።»

«ሄዳለች። ሳኦ ፓውሎ አንዲት ሴትዮ ፎቶዋን በስልክ አይታ ሳትውል ሳታድር ገዛቻት።»

«መልሳት።»

ሙሪሎ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ የአደራልዶን ፊት አየና ሳቁን ዋጠ። ቀስ ብሎም ገባው። «አይ አደራልዶ» አለ፣ «እንደዚያ ከሆነ ለምን ጆሮዬ ላይ አልነገርከኝም? ‹ይህቺን ተዋት፣ አበልጄ ናት› ብትለኝ እኮ እተዋት ነበር።»

ይተዋት ነበር ወይ? አደራልዶ ይህን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አገላበጠው፤ መልስ አላገኘለትም። የሰጠውን ድርሻ ግን አልነካም። በምትኩ በሙሪሎ ስልክ ውስጥ ያለውን የዳልቫን ፎቶ በልኳ አሳትሞ እንዲሰጠው ለመነው። ሙሪሎ ያን ቀን አደባባዩ ዳር ካለው ፎቶ ቤት አሳተመለት፤ መስታወት የሌለው ፍሬምም ከኪሱ ገዛለት። አደራልዶ መነጽሩን አውጥቶ ዓይኗን አየ። ነጠብጣብ ነበር፤ እንደ አሸዋ።

ኖናቶን ያገኘው ካምፖስ ሳሌስ ከአውቶቡስ ሲወርድ ነው። ገበያ መጥቶ ነበር። ይባርኩኝ አላለም።

«ለእናትህ ምን አልካት?» ሲል ጠየቀው አደራልዶ።

«ለዘጠኝ ቀኑ የኖቬና ጸሎት ስትሄድ ነው ያወረድኩት። ምስጥ ገብቶባታል፣ እንዲያድሷት ወስጃታለሁ አልኳት። ሌላ ምን ልበል?»

«ልጅ አይደለህም። የእናትህን ልብ ታውቃለህ።»

«የእናቴን ሆድም አውቃለሁ» አለ ኖናቶ። «ባዶውን ሲያድር የምሰማው እኔ ነኝ። አንተ ዋጋ የላትም አልክ። በርጩማ ላይ ወጥተህ፣ በመነጽርህ አይተህ ዋጋ የላትም አልክ። እኔም ዋጋ የሌላትን በፍሬሙ ሸጥኩ። ሁለት ጆንያ መኖ እንኳ አልሞላም። ሰውዬው በኋላ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ምን አለኝ መሰለህ? ‹የክርስትና አባትህ ጎበዝ ነው› አለኝ።»

«እንዳትሸጧት ብዬ ነው የዋሸሁት።»

ኖናቶ አንድ እርምጃ ቀረበው። «እናቴን ከእኔ ልትጠብቃት ነበር?»

አደራልዶ በብብቱ የያዘውን ጥቅል አስተካከለ።

«ማን ሾመህ? እውነቱን ብትናገር እናቴ ትወስን ነበር፤ ዕድሜ ልኳን ስትወስን የኖረች ሴት ናት። እሺ ብትል እንኳ እስከ ዝናቡ የሚያሻግረን እናገኝ ነበር። አሁን ልጅቱም የለች፣ ፍየሎቹም የሉ።»

አደራልዶ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ከብብቱ አውጥቶ አሳየው። ኖናቶ ጫፉን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ሸፈነው። «ግባና ስጣት» አለ። «ታደሰች በላት። እሷ እንደሆነ አታይም።»

በኖናቶ ሞተር ሳይክል ተፈናጥጦ ሄደ። ኪቴሪያ ደጃፉ ላይ ባቄላ እየለቀመች ነበር፤ በጣቷ እየዳሰሰች፣ የተነቀዘውን እየጣለች። የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ልጄን አመጣህልኝ?»

«አመጣሁ አበልጄ። አድሰዋታል።»

«ስጠኝ።»

ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት። ሁለት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ምስሉን መዳሰስ ጀመረች። የዳልቫ ምስል መስታወት ኖሮት አያውቅም፤ ኪቴሪያ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የምታያት በጣቷ ነበር። በቀሚሱ አንገትጌ ላይ ቀለሙ ወፈር ያለበትን፣ በጉንጯ ላይ ሠዓሊው ደገም ያደረገበትን፣ የቅንድቧን መስመር ታውቃለች። ጣቷ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ተመለሰ። እንደገና ወረደ። እንደ ሳህን ልሙጥ ነበር።

«ይኼ ወረቀት ነው» አለች።

ኖናቶ ሞተሩን እንደያዘ ቆሞ መሬት ያያል።

«የት ናት?» አለች። ልጇን አልጠየቀችም፤ ፊቷን ወደ አደራልዶ ነው ያዞረችው። «አበልጄ፣ አንተ ንገረኝ። ደግሞ እንደዚያን ዕለት እንዳታደርገኝ። ያን ዕለት ለእኔ ብለህ መሆኑን አውቄ ዝም አልኩ።»

«ሳኦ ፓውሎ ናት። አንዲት ሴትዮ ገዝታታለች።»

«ደኅና ቤት ነው?»

«ደኅና ነው ይላሉ። ትልቅ ሳሎን ነው አሉ።»

«ፀሐይ ያገኛታል? ፀሐይ ቀለሟን ይበላዋል።»

«አላውቅም።»

ጣቷ አሁንም ወረቀቱ ላይ ነበር።

«ሴትዮዋ ልጄ እንደሞተች ታውቃለች?»

አደራልዶ ሊዋሽ አሰበ። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ኖናቶ ቀና ብሎ አየው።

«ታውቃለች» አለ አደራልዶ። «የገዛቻትም ለዚያ ነው፤ ዓይኗ የተከፈተላት ስለሆነች። እነሱ የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው።»

ኪቴሪያ ራሷን ነቀነቀች፤ የሩቅ ዘመድ ወሬ እንደሚሰማ ሰው። «እዚህ እንዲያ አልነበረችም» አለች። «እዚህ ቆማ ታየን ነበር፤ በቃ።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። አላለቀሰችም፤ ልጇንም አልረገመችም። ሰፌዱን መልሳ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ባቄላዋን መልቀም ቀጠለች፤ ወረቀቱን ከጎኗ መሬት ላይ አስደግፋ። አደራልዶ ሄዶ እንደሆነ ወይም እዚያው እንዳለ የረሳች ይመስል ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ «ፀሐዩ ሳይከር ሂድ አበልጄ» አለችው፤ እሱም ሄደ።

አደራልዶ ከዚያ ወዲያ ከሙሪሎ ጋር ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ ሎተሪው አያበላም ነበርና። በሁለተኛው አንዲት ሴት የእህቷን ምስል ይዛ «ስንት ያወጣል?» ስትለው አየና አየና መልስ መስጠት አቃተው። ደኅና ነው ሊል ይጀምርና ይተዋል፤ አይረባም ሊል ይጀምርና ይተዋል። ሙሪሎ ከመኪናው ሆኖ ጠበቀ። በመጨረሻ ራሱ ወርዶ ዋጋውን ተናገረ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ቀጠረ፤ አደራልዶን ግን ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሎተሪ እየገዛ ሰላም ይለው ነበር።

ኖናቶ ፍየሎቹ ካለቁ በኋላ ሸንኮራ ለመቁረጥ ወደ ደቡብ ሄደ። እናቱን ጎረቤት ይጠብቃት ነበር። ወረቀቱን እንግዳ መቀበያው ክፍል አልሰቀለችውም፤ ከጓዳ ከባቄላው ጋን በላይ አንጠልጥላው ነበር ይላሉ፤ ጠይቀዋት «ባዶ ከሚሆን» አለች። የፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ባልየው ብቻውን ቀረ።

ዝናቡ በተመለሰ ዓመት፣ መንገዱ እውነትም በፈረሰበት ወር፣ ኪቴሪያ ሞተች። አደራልዶ ለቀብር በጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ የመጨረሻውን በጭቃ በእግሩ ሄዶ ደረሰ። ኖናቶ ከሸንኮራው አገር በአውቶቡስ ተጉዞ የመጣው ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነበር፤ እንዲከፍቱለት ለመነ፤ ካህኑ አይሆንም አሉት። እጁ በሸንኮራ ቢላ ተቆራርጦ በጨርቅ ታስሯል። በቀብሩ ማግስት ጎረቤቶች ባቄላና ሩዝ አምጥተው ሁለቱን ከአንድ ድስት አበሏቸው። ስለ ዳልቫ አንዱም አላነሣም።

ከተበላ በኋላ ኖናቶ ተነሣና ለለቀስተኛ የተዘረጋውን አግዳሚ ወንበር በአንድ ጫፉ ያዘ። «ጎረቤት ያዋሰን ነው፤ ይመለስ» አለ። አደራልዶ ሌላውን ጫፍ አነሣ፤ ጭቃውን እየረገጡ፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ ሆነው ተሸክመውት ሄዱ።